ጸጥ ያሉ የተራራ መንገዶች በሺኮኩ፦ አሮጌውን መንገድ ለሚወዱ ሳይክል ነጂዎች

የዳገት ወዳጅ (ኦሳካ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኦሳካ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ለትምህርት መጣሁ፣ ሥራ ይዤ ቀረሁ። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ሳይክሌን ከረጢት ውስጥ ከትቼ ሺኮኩ እሄዳለሁ። በውስጥ መስመር «መኪና የማይበዛበት መንገድ ጠቁመን» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ለየአንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሺኮኩ ከአራቱ የጃፓን ትልልቅ ደሴቶች ትንሿ ናት። አራት ክፍለ ሀገሮች አሏት፤ ካጋዋ፣ ቶኩሺማ፣ ኤሂሜና ኮቺ። ከተሞቹ አብዛኞቹ በባሕሩ ዳር ናቸው። መሀሉ ተራራ ነው። በምዕራብ ጃፓን ከሁሉም የሚበልጠው ኢሺዙቺ ተራራ (1,982 ሜትር) እዚያ ነው። ሁለተኛው ጹሩጊም (1,955 ሜትር) እዚያው ነው። ለእኛ አገር ሰው ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አዲስ አበባ እንኳ ከዚያ በላይ ናት። ግን ሺኮኩ ላይ የሚነሱት ከባሕር አጠገብ ነው። ዳገቱን ከሥር ከመሠረቱ ነው የምትወጡት።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጃፓኖች ተራራ ሲያስቸግራቸው ይበሱታል። ድሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣና አናቱን ተሻግሮ ይወርድ ነበር። ያን መሻገሪያ እኛ «በር» እንለዋለን፣ እነሱ «ቶጌ» ይሉታል። ዋሻው ሲከፈት መኪናው ሁሉ ወደ ዋሻው ይገባል። አሮጌው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል። አስፋልቱ አለ። ጠምዛዛው ላይ የተተከለው ክብ መስታወት አለ። የጠርዙ ብረት አለ። የሌለው መኪናው ብቻ ነው። ስለዚህ ታዋቂ የሳይክል መስመር አትፈልጉ። ካርታ ላይ ዋሻ ፈልጉ፣ ከዚያ ከላዩ ምን እንዳለ እዩ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ከኤሂሜ ወደ ኮቺ በሚሻገረው 194 ቁጥር መንገድ ላይ አዲሱ የካንፑዛን ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ። ርዝመቱ 5,432 ሜትር ነው። መንገደኛው ሁሉ በዚያ ያልፋል። አሮጌው መንገድ ተገንጥሎ በጫካ ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል። 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው አሮጌው ዋሻ ይደርሳል። በኮቺ በኩል ካለው አፉ ደግሞ «ዩፎ ላይን» የሚሉት መንገድ ይጀምራል። 27 ኪሎ ሜትር ያህል በተራራው ጫፍ ጫፍ፣ ከ1,300 እስከ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይሄዳል። ዛፉ ያልቃል። ቁመቱ ከወገብ የማያልፍ ቀርከሃ ብቻ ይቀራል። ነፋስ ሲመጣ ተራራው ሁሉ አንድ ላይ ሲተኛ ይታያችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ግን የምመክረው ቶኩሺማ ውስጥ ያለውን ኢያ ሸለቆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1185 ጦርነት የተሸነፉት ሄይኬ የሚባሉ የጦረኛ ቤተሰብ ወገኖች ሸሽተው የተደበቁበት ነው ይባላል። ገደሉን ስታዩት ታምናላችሁ። ከባቡሩ መስመር በኩል ወደ ሸለቆው የሚያስገቡት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የቱሪስት አውቶቡሱ ከኦቦኬ ተነስቶ በዋሻ ያቋርጣል፤ አጭር ነው። ሌላው ከኢያጉቺ ተነስቶ በኢያ ወንዝ ገደል ላይ ተለጥፎ የሚሄደው አሮጌው መንገድ ነው። ቁጥሩ 32 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ታች በዮሺኖ ወንዝ ዳር የሚሄደው፣ ከባድ መኪና የሚበዛበት አገር አቀፍ መንገድም 32 ነው። ምልክቱን ተመልከቱ። የአገር አቀፉ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሦስት ማዕዘን ነው። የክፍለ ሀገሩ ስድስት ማዕዘን ነው። እናንተ የምትፈልጉት ስድስት ማዕዘኑን ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ከገደል ጫፍ የቆመ፣ የሚሸና ልጅ ሐውልት አለ። ከሥሩ እስከ ወንዙ 200 ሜትር ያህል ነው። እዚያ ቆሜ ውኃ ስጠጣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ መኪና ብቻ ያለፈኝ ቀን አለ።

ከዚያ ካዙራባሺ ይመጣል፤ ከሐረግ የተሠራ ድልድይ። 45 ሜትር ይረዝማል፣ ከውኃው በላይ 14 ሜትር ይንጠለጠላል። በየሦስት ዓመቱ ያድሱታል። እዚያ ሰው ይበዛል። ጸጥታው የሚጀምረው ድልድዩን አልፋችሁ ወደ ላይ ስትቀጥሉ ነው። 439 ቁጥር መንገድን ታገኛላችሁ። ጃፓኖች 4ን ዮ፣ 3ን ሳ፣ 9ን ኩ ብለው ያነቡና «ዮሳኩ» ይሉታል። ከቶኩሺማ ከተማ እስከ ሺማንቶ ከተማ 348 ኪሎ ሜትር ነው። «ኮኩዶ» አገር አቀፍ መንገድ ማለት ነው። በሌላ ፊደል ሲጻፍ ግን ድምፁ ሳይለወጥ «ጨካኝ መንገድ» ይሆናል፤ 439ን የሚያውቁት በዚያኛው ፊደል ነው የሚጽፉት። አገር አቀፍ ይባል እንጂ ብዙ ቦታ ላይ አንዲት መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሹፌር የሚሸሸው ለዚህ ነው። እኛም የምንሄደው ለዚህ ነው።

የእኔ የሦስት ቀን መስመር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዋ-ኢኬዳ ከባቡር እወርዳለሁ፤ በአሮጌው መንገድ ገብቼ ኢያ አድራለሁ። በሁለተኛው ሽቅብ በኦቺያይና በናጎሮ አልፌ እስከ ሚኖኮሺ በር (1,400 ሜትር ገደማ) ወጥቼ እመለሳለሁ። በሦስተኛው በኪዮባሺራ በር ተሻግሬ ወደ ኮቺ እወርዳለሁ። መጨረሻዬ ኦሱጊ የባቡር ጣቢያ ነው። እዚያ ሦስት ሺህ ዓመት ኖሯል የሚሉት ግዙፍ የሱጊ ዛፍ አለ። እግሬን ዘርግቼ ሥሩ እቀመጣለሁ።

ጥያቄ ካላችሁ ወርውሩ።

---

ባሻገር (አዲስ አበባ)

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እኔ እንጦጦን በሳምንት ሁለቴ እወጣለሁ። ጉልበቱ አለ ብዬ አስባለሁ። ምን ዓይነት ሳይክል ያስፈልጋል? የማውንቴን ጎማ ይሻላል?

---

የዳገት ወዳጅ (ኦሳካ)

ባሻገር፣ እንጦጦን የለመደ ሳንባ ሺኮኩ ላይ አይቸገርም። መንገዱ አስፋልት ነው፤ የማውንቴን ጎማ አያስፈልግህም። እኔ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ነው የማስረው። ማርሹን ግን አቅልለው። የኋላው ትልቁ ማርሽ 34 ጥርስ ይኑረው። ኪዮባሺራ ላይ ሻንጣ ይዘህ ስትወጣ ትጸልይለታለህ።

ትኩረት የሚፈልገው አስፋልቱ ላይ ያለው ነገር ነው። መኪና ስለማይሄድበት የመንገዱ መሀል ሽበት ያወጣል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ዓይነት አረንጓዴ ሽበት ነው። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የሱጊ ጥድ ቅጠልም ተከምሮ ይውላል። መኪና ጎማው በሚረግጥባቸው ሁለት መስመሮች ላይ ብቻ ሂድ። ከገደሉ የወረደ ድንጋይም አለ፤ ቁልቁለት ላይ ከጠምዛዛው ማዶ ምን እንዳለ ሳታይ ፍሬን አትልቀቅ። ሁለት ካላማዳሪ ያዝ። ኢያ ውስጥ ጎሚስታ አታገኝም።

---

የጣርማ በር ልጅ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ልጄ፣ በጣም ነው ያስደሰትከኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ሳይክል እንደገና የጀመርኩት ሐኪም ካዘዘኝ በኋላ ነው። «በር» ያልካት ቃል ልቤን ነካችው። እኔ የተወለድኩት ጣርማ በር አካባቢ ነው። ጣሊያን የበሳው ዋሻ አጠገብ አደግን። ልጅ ሆነን በዋሻው አንገባም፤ ፈርተን በላይ በኩል በእግራችን ነበር የምንሻገረው። ከላይ ሆነን ከወዲያ ማዶ መኪናው ብቅ ሲል እናያለን። አንተ የጻፍከውን ሳነብ ያ ነው የመጣብኝ።

በጥቅምት አጋማሽ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ብቻዬን። ሁለት ነገር ንገረኝ። ሳይክል በባቡር እንዴት ነው የሚጫነው? የእኔ ዕድሜስ ይችለዋል ትላለህ?

---

የዳገት ወዳጅ (ኦሳካ)

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይችሉታል። ቀኑን ያሳጥሩ እንጂ መንገዱን አይተዉት። እኔ በሦስት ቀን የምሄደውን በአምስት ይሂዱት። ኢያ ውስጥ ዳገት ላይ ሳይክላቸውን እየገፉ የሚሄዱ ሰባ ያለፋቸው ጃፓኖች አይቻለሁ።

ስለ ባቡሩ። «ሪንኮ» ይሉታል። የፊትና የኋላ ጎማ ይፈቱና ሳይክሉን ከነጎማው ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ኮርቻው እንኳ ከከረጢቱ ወጥቶ መታየት የለበትም። ርዝመቱ ከ2 ሜትር፣ የሦስቱ ጎን ድምር ከ250 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ30 ኪሎ ካልበለጠ ክፍያ የለውም። ከኦሳካ እስከ ኦካያማ በሺንካንሰን (እጅግ ፈጣኑ ባቡር) ይሄዳሉ። ትኬቱን ሲቆርጡ ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ጀርባ ያለውን የትልቅ ሻንጣ ቦታ አብረው ይያዙ። ከኦካያማ «ናንፑ» የሚባለው ፈጣን ባቡር የሴቶን ትልቅ ድልድይ ተሻግሮ አዋ-ኢኬዳና ኦቦኬ ያደርስዎታል። ከሆቴል ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሁለቴ ፈተው ይግጠሙት፤ ጣቢያ ላይ ሰው ቆሞ እያየ መማር ያስጨንቃል።

ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ኦሳካ ላይ የባቡር ካርድ አስነክተው የገቡ እንደሆነ የሺኮኩ ተራራ ጣቢያዎች ላይ ካርዱ አይሠራም። የኢያ ትንንሽ ማደሪያዎችም ጥሬ ብር ነው የሚወዱት።

---

እኅተ ፔዳል (ቶኪዮ፣ ካጹሺካ)

ጋሼ፣ የዳገት ወዳጅ የረሳውን ልጨምርልዎት። አሜሪካ ላይ የፊቱ ፍሬን በግራ እጅ ነው። ጃፓን ላይ በቀኝ ነው። የራስዎን ሳይክል ይዘው ከመጡ ችግር የለም። ከተከራዩ ግን የመጀመሪያውን ሰዓት ሜዳ ላይ ይንዱ።

እኔ ይሄን የተማርኩት በደሜ ነው። ባለፈው ዓመት ሺኮኩ ላይ ከአንድ ቤት ተከራየሁ። የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ነበር፤ አላየሁትም። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ እርጥብ ቅጠል ነበር። የኋላውን የያዝኩ መስሎኝ የፊቱን ጨመደድኩት። ክርኔ አስፋልቱ ላይ ተላጠ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ጭራሽ አለመያዙ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት እየገፋሁ ወረድኩ። ስመልሰው «ይቅርታ» አሉኝ፣ የአንዱን ቀን ኪራይ መለሱልኝ። ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ከመቀበሌ በፊት ጎማውን አንስቼ፣ ፍሬኑን ጨብጬ ማየት ነበረብኝ። አሁን ሁልጊዜ የማደርገው ያንን ነው። ሁለት ጥንድ የፍሬን ላስቲክም ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም።

ሌላ ነገር። ዮሳኩን እስከ መጨረሻው የሚሄድ ሰው የሺማንቶን ወንዝ አያምልጠው። 196 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሺኮኩ ረጅሙ። በላዩ «ቺንካባሺ» የሚሏቸው ድልድዮች አሉ፤ የሚሰጥሙ ድልድዮች ማለት ነው። ዝቅ ብለው ነው የተሠሩት፣ መደገፊያ ብረት የላቸውም። ጎርፍ ሲመጣ ውኃው የሚይዘው ነገር አጥቶ በላያቸው ያልፋል። በወንዙና በገባሮቹ 47 ያህል አሉ። በመጀመሪያው ላይ ሳይክሌን ስነዳ ጠርዙን ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ማዶ ላይ ተክዬ ነው የተሻገርኩት። በሦስተኛው ላይ መሀሉ ደርሼ ወረድኩ፣ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ውኃው ከሥር ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው።

---

ባሻገር (አዲስ አበባ)

እኅቴ እንኳን ተረፍሽ። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። የምሄደው በጾም ወቅት ሊሆን ይችላል። ተራራ ላይ ምን እበላለሁ?

---

እኅተ ፔዳል (ቶኪዮ፣ ካጹሺካ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። ሥጋና ወተት መሸሹ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ዓሣው ነው። «ሶባ» የሚባለው የኢያ ፓስታ «ባክዊት» ከሚባል እህል የሚሠራ ነው፣ ሾርባው ግን ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ዓሣ የማትበላ ከሆነ ያለ ሾርባ ጠይቅ። ከሱቅ ደግሞ «ኦኒጊሪ» ግዛ፤ የተጠቀለለ ሩዝ ነው። ውስጡ ጨው የተነከረ ፕለም ያለበት «ኡሜ» ይባላል። ኢያ ውስጥ «ዴኮማዋሺ» አለ፤ ድንች፣ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና ኮንያኩ (ከሥራሥር የሚሠራ እንደ ጄሊ ያለ ምግብ) በእንጨት ተሰክቶ፣ ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ድልህ) ተቀብቶ ፍም ላይ ይጠበሳል። ሚሶው ውስጥ ዓሣ እንዳለ መጠየቅ አትርሳ።

ደግሞ ሸምተህ ግባ። ካዙራባሺን ካለፍክ በኋላ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት የሆነ ሱቅ የለም። ትንንሾቹ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ። የመጠጥ ማሽን ግን ያልጠበቅከው ቦታ ላይ ቆሞ ታገኛለህ። ማሽኑ ላይ ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ ትኩስ ነው፣ ሰማያዊ ያለበት ቀዝቃዛ። በጥቅምት ማለዳ ትኩሱን የቡና ቆርቆሮ መጀመሪያ ጣቶችህን አሙቅበት፣ ከዚያ ጠጣው።

---

ኮንሶዬ (ሐዋሳ)

አነበብኩት፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መንገዱ ጸጥ ያለው ሰው ስለሌለ አይደለም እንዴ? ሰው ጥሎት የሄደውን አገር «ጸጥታው ደስ ይላል» ብለን የምናልፈው ከሆነ ትንሽ ይከብዳል። የሰው ኀዘን ላይ ሽርሽር እንዳይሆን።

---

የዳገት ወዳጅ (ኦሳካ)

ኮንሶዬ፣ ልክ ነህ። ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልነበረብኝም።

ናጎሮ የምትባለው መንደር ከመንገዱ ላይ ናት። መጀመሪያ ስገባ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው አየሁ። እጄን አነሳሁ። ማንም አልመለሰም። ስጠጋ አሻንጉሊቶች ናቸው። ጋዜጣና ጨርቅ ተሞልተው፣ የገበሬ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያ አድርገው። እርሻው ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚቆፍሩ አሉ። የስልክ እንጨት ላይ የወጣም አለ። ኦሳካ ኖራ የተመለሰች አንዲት የመንደሩ ተወላጅ ናት የምትሠራቸው። አንዳንዶቹ የሞቱትንና የሄዱትን ጎረቤቶቿን ይመስላሉ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ። ዛሬ በመንደሩ ከሰው አሻንጉሊት ይበዛል። እዚያ ሳይክሌን ገፍቼ ነው የማልፈው። ነድቼ ማለፍ ነውር ሆኖ ይሰማኛል።

ግን ባዶ አገር አይደለም። ስምህን ሳይ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ኦቺያይ የምትባለው መንደር ከታች እስከ ላይኛው ቤት 390 ሜትር ትወጣለች፤ ቤቶቹ ገደሉ ላይ ተሰቅለዋል። የዚያ አካባቢ ሰው እንደ ኮንሶ እርከን አይሠራም። ተዳፋቱን እንዳለ ነው የሚያርሱት፤ አንዳንዱ ቦታ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ሣር አጭደው፣ አድርቀው፣ ከትፈው መሬቱ ላይ ያለብሱታል፣ አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው። የወረደውን አፈር ደግሞ በመቆፈሪያ መልሰው ወደ ላይ ይስቡታል። በየዓመቱ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄን አስተራረስ በዓለም የእርሻ ቅርስነት መዝግቦታል።

አንዲት ባልቴት እንዲህ አፈር ሲስቡ ቆሜ አየሁ። ሰማንያ ዓመት ያልፋቸዋል። ጀርባቸው እንደ ማጭድ ታጥፏል። ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ አንድ እግር ከአንዱ በላይ አድርገው፣ መቆፈሪያውን ያስገባሉ፣ ይስባሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። ቀና ሲሉ አዩኝ። «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አበበ!» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ልጃገረድ ነበሩ። ከዚያ ቤት ገብተው ትንንሽ የተቀቀለ ድንች በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ያካባቢው ድንች ነው፤ እንደ እንቁላል ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ጨው ብቻ የነካው። ሺኮኩ ላይ ለመንገደኛ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ በደሴቲቱ ዙሪያ ያሉትን ሰማንያ ስምንት የቡድሃ ቤተ መቅደሶች በእግር ለሚዞሩት ተሳላሚዎች ሲሰጡ የኖሩት ነው። እምቢ አይባልም። ድንቹ ቦርሳዬ ውስጥ እስከ ሚኖኮሺ ሲያሞቀኝ ነበር።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። እደሩ። ብሉ። ከመንደሩ ሱቅ ግዙ። ቀን አልፎ ማታ ከተማ መመለስ ይቻላል፣ እኔ ግን አላደርገውም። ቆማችሁ ሰላም በሉ፤ ያ መንደር ሰላም የሚለው ሰው ይናፍቃል።

---

ኮንሶዬ (ሐዋሳ)

አመሰግናለሁ። የአፈሩን ነገር ለአባቴ አነበብኩለት። «እርከን ቢሠሩ አይሻላቸውም?» አለ። ድንጋዩ አይበቃቸው ይሆናል አልኩት። አሁንም እየተከራከርን ነው።

---

ዘካርያስ ነኝ ከሐይፋ

እኔ መሄድ የምችለው በሰኔ ነው። ይሆናል?

---

የዳገት ወዳጅ (ኦሳካ)

ሰኔ ባይሆን ይሻልሃል (ወሮቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። እነሱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ክረምት ይገባባቸዋል፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘንባል። ኮቺ በጃፓን ዝናብ ከሚበዛባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ ታይፉን አለ። ከታይፉን በኋላ መንገድ ይናድና «ጹኮዶሜ» የሚል ቀይ ምልክት ይቆማል፤ ማለፍ ክልክል ነው ማለት ነው። ሳይክልም ቢሆን አትለፍ። ከምልክቱ ወዲያ አስፋልቱ ላይሆን ይችላል።

ጥሩው ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ግንቦት፣ የመጀመሪያው ሳምንት በዓል ካለፈ በኋላ። ሌላው በፈረንጆቹ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ፤ ቅጠሉ ይቀላል። በብርዱ ወራት ቅዝቃዜው ኢያ ላይ በረዶ ያወርዳል፣ ዩፎ ላይንም ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጸደይ ይዘጋል። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ የሱጊው ብናኝ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ለእንጨት ብለው ተራራውን ሙሉ ሱጊ ተከሉበት፣ እኛ ባሕር ዛፍ እንደተከልነው። አሁን በየጸደዩ ግማሹ አገር ያስነጥሳል። አለርጂ ካለብህ አስብበት።

አንድ ነገር ለሁላችሁም። ቀኑ አጭር ነው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ግን በ9 ሰዓት ተራራው ይጋርዳታል። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ከመንደሩ የድምፅ ማጉያ ዜማ ይሰማል። ለአደጋ ጊዜ የተተከለ ነው፣ በየቀኑ እንደሚሠራ በዚያ ይፈትሹታል። ያንን ስትሰሙ ማደሪያችሁ መድረስ ነበረባችሁ። መብራት አብሩ።

---

የጣርማ በር ልጅ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ልጆቼ፣ ሄጄ መጣሁ። ከጻፍኩላችሁ ስድስት ወር አልፏል።

አምስት ቀን ወሰደብኝ፣ እንደተባልኩት። ኪዮባሺራን ከግማሽ በላይ በእግሬ ነው የወጣሁት፤ አልቆጨኝም። ስገፋ ያየሁትን ነድቼ አላየውም ነበር። በአንድ ጠምዛዛ ላይ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱ መሀል ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ከእኔ ጋር ለአምስት ደቂቃ ተያየን። ከዚያ አንጋፋው ተነሳ፣ ሌሎቹ ተከተሉት።

ከኢያ በኋላ ሁለት ቀን ስለተረፈኝ አሮጌውን የካንፑዛን መንገድ ወጣሁ። የሥራ ቀን ነበር። ከዋሻው አፍ ከተገነጠልኩ በኋላ እስከ ላይ ድረስ ያገኘሁት ሁለት መኪናና አንድ እንጨት የጫነ ካሚዮን ነው። ካሚዮኑ ሲመጣ ከሩቅ ሰማሁት፤ ወርጄ ጥግ ያዝኩ፣ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። ላይ ደርሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከሥሬ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ፣ መኪናው ሁሉ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ድምፁ ግን አይደርስም። የሰማሁት ቅጠል ሲወድቅ ነው። ጣርማ በር ላይ ከእናቴ ጋር በላይ በኩል ስንሻገር እንደነበረው።

ባሻገር፣ ስለ ካላማዳሪ የተባለውን ስማ። ሁለት ይዤ ሁለቱንም ተጠቀምኩ። እኅተ ፔዳል፣ ጎማውን አንስቼ ፍሬኑን አየሁት።

አሁን ደግሞ ካርታ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ከማጹያማ ወደ ኩማኮገን በሚወስደው 33 ቁጥር መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ሚሳካ የሚባለው አዲስ መንገድ ዋሻ አለው። ከላዩ ቀጭን መስመር እየተጠማዘዘ ሲሄድ አያለሁ። ክፍት ነው? የሄደበት ሰው አለ?

---

የዳገት ወዳጅ (ኦሳካ)

ጋሼ፣ እንኳን በሰላም ተመለሱ! ክፍት ነው፤ ሚሳካ በር ነው። አናቱ ከ700 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ከኩማኮገን በኩል ቢነሱ ዳገቱ ይቀልዎታል፤ ማጹያማን ከላይ እያዩ ይወርዳሉ። በአርባ አምስተኛውና በአርባ ስድስተኛው ቤተ መቅደስ መካከል ያሉት ተሳላሚዎችም በዚያው በር ነው የሚሻገሩት። ነጭ ለብሰው፣ በትር ይዘው በመንገዱ ጥግ ይሄዳሉ። ሲደርሱባቸው ደወሉን ከሩቅ ቀስ አድርገው ያሰሙላቸው።